የአባዬን ፊት ፍለጋ

ዕረፍት ፍለጋ ሄጄ ነው ዕረፍት ያጣሁት። ዘመድ ሲጠይቀኝ ታሪኩን ከመጨረሻው እጀምርና "ተመስገን" ብዬ እዘጋዋለሁ። እናንተ ግን አታውቁኝም፤ ለማያውቁት ሰው መንገር ይቀላልና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ትርንጎ እባላለሁ፤ ኗሪነቴ ደብረ ማርቆስ ነው። በወጣትነቴ ሥዕል ተምሬ ነበር። ሠዓሊ እሆናለሁ ስል ኑሮ ጎትቶ ቢሮ አስገባኝና ብሩሾቼ ሣጥን ውስጥ ደርቀው ቀሩ። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ መምህር ላቀው እኔ ዘንድ መጡ። አባዬ በጉብዝናቸው ወራት የቅኔ ተማሪ ነበሩ፤ ኋላ አስኳላ ገብተው በምሥራቅ ጎጃም ገጠሮች አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። እኔ ቤት ከገቡ ጥቂት ቆይቶ መርሳት ጀመራቸው። መጀመሪያ ያስቀመጡትን ዕቃ፣ ከዚያ የሰው ስም፣ ከዚያ የቤታቸውን መንገድ። እኔንም አንድ ቀን እህታቸው ያደርጉኛል፣ አንድ ቀን ተማሪያቸው። ዳዊቱ ብቻ አልጠፋባቸውም። ምሳ መብላታቸውን ረስተው "ምሳ የለም እንዴ?" እያሉኝ፣ መዝሙሩን ግን አንዲት ቃል ሳያዛንፉ ይወርዱታል።

በሽተኛ ያስታመመ ሰው የሚያውቀው ድካም አለ፤ ተኝተው ቢነሡም የማይለቅ ድካም። እኔም ቢሮ ተቀምጬ የሰው ፊት እያየሁ የሚናገረው የማይሰማኝ ሆንኩ። ሐኪም ዘንድ ብሄድ ሌላ በሽታ አላገኘብኝም። "ካላረፍሽ አባትሽን ቀድመሽ አልጋ ትይዣለሽ" ብሎ አሰናበተኝ።

በዚያ ሰሞን ነው የሻረግ የደወለችልኝ። የሻረግ ሥዕል አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት። ለአጭር ሥልጠና ፈረንሳይ አገር ሄዳ፣ ገጠር ውስጥ ያሉ የድሮ መኳንንት ቤቶች ሆቴል ሆነው፣ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሥዕል እየሣለ ሲያርፍባቸው አይታ መጣች። እሷም ቢቸና ዳር አያቷ ያሠሩት ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነበራት። ጣሪያውን አስጠገነች፣ ግድግዳውን በኖራ አስለሰነች፣ ግቢው ውስጥ ከወይራው ጥላ ሥር የሸራ ማቆሚያዎች ደረደረችና እንግዳ መጥራት ጀመረች። ጊዜው እንደምታውቁት ነው፤ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። የተከፈተ ሰሞን ነበር። አባዬን ትቼ የትም እንደማልሄድ ስነግራት፣ ይዣቸው እንድመጣ፣ ግቢው አጥርም ዘበኛም እንዳለው ነገረችኝ። ይዣቸው ሄድኩ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብትጠይቁኝ ገነት ነበሩ ብዬ እመልስላችኋለሁ። እንግዳው ጥቂት ነው። ከመካከላችን አቶ ስማቸው የሚባሉ የባንክ ጡረተኛ ነበሩ፤ ሁላችንም ተራራውንና ዛፉን ስንሥል እሳቸው ከዶሮ በስተቀር ምንም አይሥሉም። ዶሮዋ አልቆም ስትላቸው እየተከተሏት ሲዞሩ አባዬ ይስቁ ነበር። አባዬ ሲስቁ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ከወይራው ሥር ባለች ወንበር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔ ከአጠገባቸው እሥላለሁ።

የዚያን ዕለት ጧት ጤዛው ሳይረግፍ ወጣን። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ቆላ ጭጋግ ተኝቶበት ነበር፤ ጭጋጉ እየተነሣ ሲሄድ ሥሩ ያለው ሸንተረር አንድ በአንድ ይወጣል። ያንን ለመያዝ ቀለም በጠበጥኩ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እጄ ታዘዘልኝ። ለዓመታት እንቢ ያለኝ እጅ ያሰብኩትን ሁሉ ሸራው ላይ ያስቀምጥልኝ ጀመር። ድካሙ ለቀቀኝ፤ ቢሮውም፣ መድኃኒቱም፣ ነገም ከሐሳቤ ወጡ። ፀሐይዋ ጠንክራ አንገቴን ስታቃጥለኝ ነው ቀና ያልኩት።

ወንበሯ ባዶ ነበረች።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ወደ ቤት ገብተው ይሆናል ብዬ ክፍላቸውን አየሁ፤ የሉም። ወጥ ቤት፣ ጓሮ፣ ሽንት ቤት አየሁ። ዘበኛው ዘንድ ስሮጥ የሰው መልክ አልነበረኝም መሰለኝ፣ ገና ሳልጠይቀው ቆመ። ውሃ የጫኑ አህዮች ሊያስገባ በሩን ከፍቶ ሳለ አባዬ ሰላምታ ሰጥተውት ወጥተዋል። ወዴት ቢላቸው ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ነው ብለውታል። "ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም አባት እንዴት ብዬ ልመልስ?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሲናገሩ የሚያያቸው ሰው በሽታቸውን አይጠረጥርም።

ቤተ ክርስቲያን አልደረሱም። የሻረግና አቶ ስማቸው በአንድ በኩል፣ እኔና ዘበኛው በሌላ በኩል ሆነን ቦዩንም፣ የባሕር ዛፉን ደንም፣ የከተማውን ጉራንጉርም አዳረስን። ያገኘነውን ሁሉ "ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ አላያችሁም?" እንላለን። ቀኑ ገበያ ነበር፤ ጋቢ ያልለበሰና ከዘራ ያልያዘ ሽማግሌ የትም የለም። የምንጠይቀው ሰው ሁሉ "አይተናል" እያለ ወደተለያየ አቅጣጫ ይጠቁመናል። እኛም በተጠቆምንበት ሁሉ እየሮጥን እንመለሳለን።

ፖሊስ ጣቢያ ስንሄድ ተረኛው መጀመሪያ የጠየቀኝ ፎቶግራፍ ነው። ስልኬን ከፈትኩ። ያለኝ የድሮ ፎቶ ነበር፤ አባዬ ከረባት አሥረው፣ ጠጉራቸው ጠቁሮ፣ ጉንጫቸው ሞልቶ፣ ጢማቸውን ተላጭተው። ተረኛው አየና አሁንም እንዲህ ናቸው ወይ አለኝ። አይደሉም አልኩት። ከስተዋል፣ ነጭ ጢም አውጥተዋል። "ታዲያ ይኸ ምን ይሠራልናል?" አለ፤ በክፋት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የተነሡት ፎቶ እንዳለ ስልኬን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። የለም። ከታመሙ ጀምሮ አንድም ቀን አላነሣኋቸውም። ሠርግ ላይ፣ በዓል ላይ፣ ሰው ፎቶ ሲነሣ አባዬን ወንበር ላይ ትተን ነው የምንነሣው። በሽተኛ ፎቶ አይነሣም፤ ይድን እንደሁ ከዳነ በኋላ ይነሣል።

የሻረግ ክንዴን ይዛ ከጣቢያው አስወጣችኝ።

"ሣያቸው" አለችኝ። "ያ ፎቶ ካልረዳን አንቺ ሣያቸው። የምንሰጠው ነገር ይኑረን።"

እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀምጬ በከሰል እርሳስ ሣልኳቸው። ግንባር፣ የግንባር መስመሮች፣ ነጭ ጢም፣ የጋቢው ጥለት። ሥዕሉ መጥፎ አልነበረም። መናኸሪያ ወስጄ ከበሩ አጠገብ ጎመን ለምትሸጥ አንዲት እናት አሳየኋት። ወረቀቱን ራቅ ቀረብ አድርጋ አየችው። ከዚያ ከንፈሯን መጠጠችና "ልጄ፣ ይኸ እኮ ሁሉም ሽማግሌ ነው" አለችኝ።

መልሼ ሣልኩ። ዓይናቸው ላይ ስደርስ ቆምኩ። የአባዬ ዓይን ትልቅ ነው ወይስ ጠባብ? ቅንድባቸው ይገናኛል ወይስ አይገናኝም? አፍንጫቸው ጫፉ ላይ ይጎብጣል? ሦስቴ በቀን የማጎርሳቸው ሰው ናቸው። ሐሳቤን ሰብስቤ ፊታቸውን ልጠራው ብሞክር የሚመጣልኝ ያ ከረባት ያሠረው የፎቶው ሰውዬ ነው። የአሁኑ አባቴ ፊት የላቸውም። አንድ ሰው ከመንገድ ይጠፋል፤ ከልጁ ሐሳብ ውስጥ ደግሞ እንዴት ይጠፋል?

ሰዓት እላፊው ሲደርስ ወደ ቤት ተመለስን። ሌሊቱን ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አደረ። ስለዚያ ሌሊት ምንም አልጽፍም።

በማግስቱ ጧት አንድ ገበሬ መጣ። ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ወንዝ ጎርፍ የወሰዳቸው ሽማግሌ ተገኝተዋል። ሰዎች አውጥተዋቸው ደጀ ሰላም ውስጥ አስተኝተዋቸዋል። ማንነታቸውን የሚያውቅ የለም። እኛ ሰው እየፈለግን መሆናችንን ሰምቶ ነው የመጣው።

የሻረግ ልትከተለኝ ስትል ግቢው ሰው ያስፈልገዋል፣ ቢመለሱስ ብዬ ከለከልኳት። ቢመለሱስ ያልኩት ራሴን ለማታለል ነበር። አቶ ስማቸው ከዘራቸውን አንሥተው ተከተሉኝ። መንገዱ ጭቃ ነው። ሲያዳልጠኝ ክንዴን ይዘው ይደግፉኝ ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ቄሰ ገበዝ ደጁ ላይ ተቀበሉን። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ወደ ውስጥ ሳያስገቡን ቆሙና "ልጄ፣ ጎርፉ ድንጋይ ላይ ነው የጣላቸው። ፊታቸውን ባታዪ ይሻላል፤ በልብሳቸው ለዪ" አሉኝ።

ልብሱ ጭቃ ነው። ጋቢ ነው፤ አባዬም የለበሱት ጋቢ ነበር። ጥለቱ ቀለሙ አይታይም። ከዘራ የለም፣ ጫማ የለም። ቁመታቸው እንደ አባዬ ነው። ነጠላ ሸፍኗቸዋል። አቶ ስማቸው ነጠላውን ሊገልጡ ጎንበስ ሲሉ ቄሰ ገበዙ እጃቸውን ያዟቸው። እኔ አጠገባቸው ተንበረከኩ። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ እጄን በነጠላው ሥር ሰደድኩና ጭንቅላታቸውን ነካሁ።

እጄ ራሱ ሄደ። ማታ ማታ አባዬን ሳጥብ እንደሚሄደው ሁሉ ከግንባር ወደ ጆሮ ግንድ፣ ከዚያ ወደ ጆሮ ወረደ። ግራ ጆሯቸውን ያዝኩ። ጆሮው ለስላሳ፣ ደህና የቆመ፣ ሙሉ ጆሮ ነበር።

የአባዬ ግራ ጆሮ ላዩ የታጠፈ ነው። ሲወለዱ ጀምሮ እንደ ወረቀት ጫፍ ተቀልብሶ የቀረ። ሳጥባቸው ሳሙናው እዚያ እጥፋት ውስጥ ይቀርብኛል፤ በየማታው በአውራ ጣቴ ጠርጌ ነው የማወጣው። ይህን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። እጄ ግን ያውቀው ነበር።

"አባቴ አይደሉም" አልኩ።

አቶ ስማቸው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። እኔ ደስ አለኝ ልበላችሁ? ደስታ አልነበረም። እጄ ገና በእኚያ ሰው ጆሮ ላይ ነበር፤ የእሳቸውም ልጅ የሆነ ቦታ ሆኖ እየጠራቸው ይሆናል። ቄሰ ገበዙ ፍትሐት አድርሰው ሲቀብሯቸው ቆሜ አለቀስኩ። ሌላ አልቃሽ አልነበራቸውም።

ከቀብሩ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ወረቀት አወጣሁ። ዓይኔን ጨፈንኩና እጄን እንደማጠብ አድርጌ ላክሁት። ግንባራቸው ላይ፣ ከቀኝ ቅንድብ በላይ፣ የጣት ጫፍ የምታስገባ ስርጉድ አለች። ጆሮ ግንዳቸው ላይ ደም ሥራቸው እንደ ክር ጉብ ይላል። የግራ ጉንጫቸው ከቀኙ ይጎደጉዳል፤ የመንጋጋ ጥርሳቸው በዚያ በኩል የለምና። ጢማቸው ከአገጫቸው በታች ወደ ግራ ያጋድላል፣ ስለሚያሹት። ዓይኔን ስገልጥ ወረቀቱ ላይ የተዝረከረከ መስመር ነበር። እሱን ይዤ ነው በሌላ ወረቀት ላይ በደንብ የሣልኩት። አቶ ስማቸው ከትከሻዬ በላይ ሆነው አዩና "መጡ" አሉ። "እሳቸው ናቸው፤ አሁን መጡ።"

ያንኑ ፊት ደጋግሜ ሣልኩት፣ ወረቀቴ እስኪያልቅ። አንዱን ለቄሰ ገበዙ ሰጠሁ። አንዱ መናኸሪያ፣ አንዱ ጤና ጣቢያ፣ አንዱ ከከተማው መውጫ ያለ ጎሚስታ በር ላይ ተለጠፈ። አሁን የሚያየው ሰው "አይተናል" አይልም። አተኩሮ ያይና "እኚህንስ አላየሁም" ይላል። ያም ራሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ የሚያውቁትን ፊት ከማያውቁት መለየት ጀምረዋል ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ጎማ ሊያስለጥፍ የቆመ አንድ የአይሱዙ ሹፌር በሩ ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ ገነጠለና፣ ጎማውን ትቶ የእኛን ግቢ እየጠየቀ መጣ። አዳሙ ይባላል። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ "እኚህን አባት እኔ አሳፍሬያቸዋለሁ" አለኝ።

ሥዕሉ ላይ ያለችውን የታጠፈች ጆሮ በጣቱ እየጠቆመ ነገረኝ። ትናንት ጧት ለቀስተኛ ጭኖ ወደ ሞጣ ሲሄድ መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ለቀስተኞቹ የእነሱ ወገን መስለዋቸው "አባት፣ ይውጡ እንጂ" ብለው ጠሯቸው። ሽማግሌ ናቸውና ከላይ አይንገላቱ ብሎ ጋቢና አስገባቸው። "ይህች ጆሮ በእኔ በኩል ነበረች፤ መንገዱን ሁሉ ሳያት ነው የሄድኩ" አለ። ዳዊት ሲደግሙ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ልጆቹ ይጠብቁኛልና ፈጠን በል ብለውታል። ልጆች ያሉት ለቀስተኞቹን መስሎት ነበር። እኔ ግን የትኞቹን ልጆች እንዳሉ ገባኝ፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚጠብቋቸውን።

ያወረዳቸው ሞጣ ከተማ ጥግ፣ ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ነው። ቤቱን ያውቀዋል። አሁኑኑ እንሂድ ብዬ ተነሣሁ።

"እቴ፣ መንገዱ ተዘግቷል" አለኝ። "ከጉንደ ወይን ወዲህ እኔም ለጥቂት ነው ያለፍኩ።"

ስልክ ብንሞክር መስመሩ ጠፍቷል። እስኪመሽም መንገዱ አልተከፈተም። ካለማወቅ ይልቅ ያወቅሁበት ቀን ከበደኝ። የት እንዳሉ ዐውቃለሁ፣ ግን መድረስ አልችልም። ለቅሶ በሣልስቱ ይበተናል። ድንኳኑ ሲወርድ እንግዳው ሁሉ ወደየቤቱ ይሄዳል፤ የእሳቸውስ ቤት ወዴት ነው? ማንን ይከተላሉ? ሌላ መኪና "ይውጡ" ካላቸው ይወጣሉ። ባሕር ዳር ይደርሳሉ፣ ከዚያም ወዲያ ይሄዳሉ። መድኃኒታቸው እኔ ዘንድ ነው። የሻረግ እህል ቅመሺ ብትለኝ አልቀመስኩም። ያን ጭጋግ የሣልኩበትን ሸራ አውርዳ ከዓይኔ ደብቃዋለች፤ በኋላ ነው የነገረችኝ።

በሣልስቱ ጧት አዳሙ መጣና እንሞክር አለን። እኔና አቶ ስማቸው ጋቢና ገባን። ደብረ ወርቅን በሰላም አለፍን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ ሌላ መኪና አልነበረም። ጉንደ ወይን ሳንደርስ ድንጋይ የተደረደረበት ኬላ ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስቆሙን።

አንደኛው ወርጄ ሻንጣዬን እንድከፍት አዘዘኝ። የሥዕል ወረቀቶቼን አወጣ። ከላይ ያለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከየሻረግ ግቢ ሆኜ በእርሳስ የነደፍኩት ቆላ ነው፤ ሸንተረሩ፣ በመካከሉ የሚያልፈው መንገድ። ፊቱ ተለወጠ።

"መንገድ የምትሥዪው ለማነው?" አለኝ።

አዳሙ ሊናገር ሲል ዝም አሰኙት። ሰውዬው ወረቀቱን ገለጠ፤ ሥሩ የአባዬ ፊት ነው። ሌላውን ገለጠ፤ የአባዬ ፊት። ሌላም። ዓይን የሌለው፣ ግማሽ ፊት፣ ጆሮ ብቻ። እየገለጠ በሄደ ቁጥር እጁ ዝግ አለ። አቶ ስማቸው ከመኪናው ሳይወርዱ፣ አባቷ ታመው ጠፍተውባት እየፈለገች መሆኗን በለሆሳስ ነገሩት። ሰውዬው የመጨረሻውን ወረቀት እንደያዘ፣ ከጠፉ ስንት ቀናቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ወረቀቶቹን አስተካክሎ መለሰልኝና ድንጋዩን እንዲያነሡ ምልክት ሰጠ። መንገዷን የሣልኩባትን ወረቀት ግን አስቀራት።

ሞጣ ስንገባ እኩለ ቀን አልፏል። አዳሙ በአንድ ጉራንጉር ገብቶ የቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ ፊት ቆመ። ሮጬ ገባሁ። ድንኳኑ ወርዷል። ሁለት ሰዎች ሸራውን እየጠቀለሉ ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ጥግ ላይ ተደራርበዋል። ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

ደርሼ አጣኋቸው አልኩ። ሥዕሉን ለሰዎቹ ዘረጋሁ። አንደኛው አየና በአገጩ ወደ ቤቱ ውስጥ ጠቆመኝ።

ቤቱ ውስጥ ጥቁር የለበሱ ወይዘሮ አገኘሁ፤ ባለቤታቸው የሞቱባቸው እሳቸው ናቸው፣ ወይዘሮ ጥሩዬ። ከጎናቸው፣ መደቡ ላይ፣ ንጹሕ ጋቢ ለብሰው፣ እግራቸው ታጥቦ፣ አባዬ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ወተት የያዘ ኩባያ አለ። ለሴትዮዋ ቀስ እያሉ አንድ ነገር እየነገሯቸው ነበር።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። አባዬ አላወቁኝም። ሊያጽናኑኝ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ማን ሞቶብሽ ነው?"

"ማንም አልሞተብኝም። አባቴ ጠፍተውብኝ ነበር።"

"ተገኙ?"

"ተገኙ።"

"እንግዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አሉኝ። "ሂጂ እንጂ፣ አባትሽ ዘንድ ሂጂ።"

ወይዘሮ ጥሩዬ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሲያለቅሱ ሰማሁ። ኋላ እንዳጫወቱኝ ለእሳቸው የባላቸው ዘመድ፣ ለባላቸው ዘመዶች ደግሞ የእሳቸው ዘመድ መስለዋቸው ነው አባዬን ያከበሯቸው። ስም ሲጠይቋቸው የእግዜር እንግዳ ነኝ ብለዋል። ለቀስተኛው ሲበተን አባዬ ብቻ አልተነሡም። ሴትዮዋም እንዲነሡ አልፈለጉም። "ሁሉም ሲሄድ ቤቱ ጭር እንዳይልብኝ እግዜር የላካቸው መስሎኝ ነበር" አሉኝ። አባዬ የለበሱት የሟቹን ልብስ ነው። ላወልቅላቸው ስል ሴትዮዋ ከለከሉኝ፤ አባዬም እንደለበሱት ወጡ።

ይኸው ነው የደረሰብኝ። አባዬ ዛሬም አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ስሜን ጠርተውት አያውቁም፤ መርሳታቸው ብሷል። ወይዘሮ ጥሩዬ መንገድ ሲከፈት ይመጣሉ። ከአባዬ ጋር ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ምን እንደሚያወሩ አላውቅም፣ አልጠይቃቸውምም። ያንን ቀን የተውኩትን የቆላውን ሥዕል አልጨረስኩትም። የሚቆጨኝ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጎረቤቶቼን ሽማግሌዎች እሥላለሁ። አንዳንዱ ልጅ ደስ አይለውም፤ አባቱን ለሞት ያዘጋጀሁበት ይመስለዋል፣ ወይም ዳግመኛ ወፈር ያሉ ጊዜ ይሣሉ ይለኛል። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ አስብ ነበርና አልከራከረውም። ብቻ ወንበር ስቤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ አባት ወይም እናት በቤታችሁ ካለ፣ እስቲ ለአፍታ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ቅንድባቸው እንዴት ነው? ጆሯቸውስ? ሲስቁ የትኛው ጉንጫቸው ነው የሚጎደጉደው? የመጣላችሁ የድሮ ፎቶ ከሆነ ንባቡን እዚህ ላይ ተዉት። ሰዎቹ አጠገባችሁ ናቸው፤ ተነሡና እዩዋቸው።